ቴምዝን በእግር፦ ከዌስትሚኒስተር እስከ ታወር ብሪጅ ያለ አስጎብኚ

ለንደን እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የማወጣው ወንዝ ዳር ነው። ሙዚየሙም ገበያውም ይደርሳል። ከዌስትሚኒስተር ድልድይ ተነስቶ በቴምዝ ደቡባዊ ዳርቻ እስከ ታወር ብሪጅ የሚወስደው መንገድ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ሜዳ ነው፤ አብዛኛው ላይም መኪና የለም። አስጎብኚ አያስፈልገውም፣ ትኬትም የለውም። ሳይቆሙ ለሚሄዱት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ግን ሳይቆም የሄደ ሰው እስካሁን አላየሁም። ግማሽ ቀን ያዙለት።

ሰው ሁሉ ከቤት ሲወጣ ዝናብ ይኖር ይሆን ብሎ ያያል። ይሄ መልካም ነው። እኔ ግን ከዝናቡ በፊት የማየው የውሃውን ሰዓት ነው። ቴምዝ ለንደን ላይ ሲደርስ ገና ከባሕሩ አልተላቀቀም። ባሕሩ ሲሞላ ወንዙ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ባሕሩ ሲጎድል ይወርዳል። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ለንደን ብሪጅ አካባቢ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 7 ሜትር ይደርሳል። ጠዋት ጠጠርና አሸዋ ያያችሁበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ጀልባ ይንሳፈፍበታል። የለንደን ወደብ ባለሥልጣን ሰንጠረዡን በድረ ገጹ ላይ ያወጣዋል፤ ስልክ ላይ በደቂቃ ይገኛል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ እየገፋ ስለሚሄድ ባለፈው ሳምንት የሄደ ወዳጅ የነገራችሁ አይሠራም። ከቻላችሁ ውሃው እኩለ ቀን አካባቢ ዝቅ የሚልበትን ቀን ምረጡ። ለምን እንደሆነ መሃል መንገድ ላይ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ነገር አቅጣጫው ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሂዱ፣ ረፋድ ላይ ጀምሩ። ፓርላማው ፊቱን ወደ ወንዙ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ነው ያዞረው። ጠዋት ፀሐይ ሙሉ ለሙሉ ትመታዋለች። አመሻሽ ላይ ብትመጡ ግን ፎቶአችሁ ላይ የሚወጣው ጥቁር ጥላ ነው። ታወር ብሪጅ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ሆና ታበራላችኋለች። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ዌስትሚኒስተር የምድር ባቡር ጣቢያ ስትወጡ የሰዓቱ ማማ ፊታችሁ ድቅን ይላል። አንድ ፎቶ አንስታችሁ እለፉ፤ ከወንዙ ማዶ ይበልጥ ያምራል። ከማማው ጀርባ ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ዌስትሚኒስተር አቢ ነው። ከኛ ሀገር የመጣ ሰው ይህን ሳያውቅ ባያልፍ ደስ ይለኛል፦ በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት ታቦታት አንዱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ ለእይታ ሳይቀርብ። የአቢው አስተዳደር ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቢመለስ ተገቢ ነው ሲል በመርህ ደረጃ የወሰነው በ2024 ነው። በእናቴ ዕድሜ ያሉ እንግዶች ይህን ስነግራቸው ቆም ብለው ያማትባሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰዓቱ ማማ የሚጠይቀኝ የለም።

ድልድዩ ላይ ስትወጡ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አድርጉ። ሦስት ኩባያ ገልብጠው ኳሷ የቷ ሥር እንዳለች የሚያስገምቱ ሰዎች ታያላችሁ። ዙሪያውን ቆሞ የሚያሸንፈው ሰው የራሳቸው ነው። ቆሞ ማየቱም አይመከርም፤ እናንተ ኳሷን ስታዩ ሌላው ኪሳችሁን ያያል።

የድልድዩ ቀለም አረንጓዴ የሆነው ከሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ወንበሮች ጋር እንዲመሳሰል ነው። ቀጥሎ ወደ ላይ ያለው ላምቤዝ ብሪጅ ደግሞ የጌቶች ምክር ቤቱን ቀይ ይዟል። ጫፉ ላይ የቆመውን ነጭ አንበሳ ቀረብ ብላችሁ እዩት። በ1837 የተሠራ ነው። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ እንደ ሸክላ በምድጃ የተተኮሰ ሰው ሠራሽ ነገር ነው። ፋብሪካውን ያቋቋመችው ኤሊነር ኮድ የምትባል ሴት ስትሆን ሥራዋም እዚሁ ሰፈር ነበር። የዚያ ዘመን እውነተኛ ድንጋዮች በከሰል ጭስ ተበልተው ፊታቸው ሲጠፋ የእሷ አንበሳ ጥፍሩ እንኳ አልደበዘዘም።

ከአንበሳው ወደ ግራ ብትታጠፉ የሚያዞረው ትልቁ ጎማ፣ ለንደን አይ፣ ይጠብቃችኋል። ከዚያ በፊት ግን ወደ ቀኝ ትንሽ ሂዱ። በሆስፒታሉ አጥር ላይ፣ በትክክል ከፓርላማው ፊት ለፊት፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም በቀይ ልብ የተሞላ ግንብ አለ። በኮቪድ ለሞተ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ልብ እየተባለ በ2021 በእጅ የተሳለ ነው። ከ200,000 በላይ ናቸው። ከሩቅ ሲያዩት ጌጥ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን በልቦቹ ውስጥ የተጻፈው ይነበባል፦ «አባዬ»፣ «አያታችን»፣ ስምና ቀን። ዝናቡ አንዳንዱን ወደ ሮዝ አደብዝዞታል። በጎ ፈቃደኞች እየመጡ እንደገና ይቀቡታል። ብዙ የጉብኝት ቡድን ወደዚህ አይዞርም፤ ይዘነጋዋል ወይም ይቸኩላል።

እዚሁ ቆማችሁ ወንዙን ተሻግራችሁ ፓርላማውን እዩ። በ1858 በጋ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ወንዙ ከመግማቱ የተነሳ መጋረጃውን በኖራ መድኃኒት እየነከሩ ነበር ስብሰባ የሚቀመጡት። የከተማው ፍሳሽ ሁሉ በቀጥታ የሚገባው ቴምዝ ውስጥ ነበር፤ ውሃው ደግሞ እንዳልኳችሁ ተመልሶ ይመጣል። ጠዋት ወደ ባሕር የሄደው ቆሻሻ ከሰዓት ተመልሶ መስኮታቸው ሥር ይቆማል። ሽታው አፍንጫቸው ውስጥ ሲገባ ገንዘቡን ፈቀዱ። ጆሴፍ ባዛልጌት የተባለ መሐንዲስ ፍሳሹን ወደ ምሥራቅ የሚወስዱ ትልልቅ ቦዮች ከመሬት በታች ዘረጋ። የተወሰኑትንም ወንዙን ገፍቶ በሠራቸው ግንቦች ውስጥ ቀበራቸው። ማዶ የምታዩት ዛፍ የተተከለበት ሰፊ ጎዳና እንዲያ የተገኘ መሬት ነው።

ለንደን አይን ቶሎ እለፉት። 135 ሜትር ከፍታ አለው፣ እይታውም ጥሩ ነው። ወረፋውና ዋጋው ግን የግማሽ ቀን እግር ጉዞን ይበላል። ልጆች ካሉ ሌላ ቀን መልሷቸው።

ቀጥሎ ባለው የባቡር ድልድይ ግራና ቀኝ የእግረኛ ድልድዮች አሉ። አሥር ደቂቃ ካላችሁ ተሻግራችሁ የክሊዮፓትራ መርፌ የሚሉትን ሐውልት አይታችሁ ተመለሱ። ከግብፅ በ1878 የመጣ፣ ከክሊዮፓትራ በፊት ከሺህ ዓመት በላይ የቆመ ድንጋይ ነው። ከሥሩ ካሉት ስፊንክሶች አንዱ ጎኑ ላይ ጣት የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉት፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከአውሮፕላን የወደቀ ቦምብ ያደረሰው ነው። ግብፅ እንደ ስጦታ ነው የሰጠችው። ቢሆንም የአክሱምን ሐውልት ከሮም መመለስ የተከታተለ ሰው ፊት ለፊቱ ሲቆም ዝም ብሎ አያይም።

ወደ ደቡብ ተመልሳችሁ ስትቀጥሉ ሮያል ፌስቲቫል ሆል ይመጣል። በ1951 የተሠራ የሙዚቃ አዳራሽ ነው። ለእናንተ ግን ንጹህ ነፃ ሽንት ቤትና ማንም የማያስነሳችሁ ሶፋ ያለበት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ጉብኝት አስተባባሪ አይነግራችሁም። ናሽናል ቲያትርም ቴት ሞደርንም እንደዚሁ ናቸው። ከእነዚህ ሦስት ቤቶች በመነሳት መንገዱን ካሰላችሁ አዛውንትም ሕፃንም ይዛችሁ መውጣት አያስፈራም።

ከአዳራሹ አጠገብ በሥዕልና ጽሑፍ የተሸፈነ የሕንፃ ሥር አለ፤ ወጣቶች ስኬትቦርድ የሚጫወቱበት። ወደ ሱቅነት ሊቀየር ታስቦ ነበር። ተሟገቱና በ2014 ቦታቸው ጸና። ዋተርሉ ብሪጅ ሥር ደግሞ ያገለገሉ መጻሕፍት በረጃጅም ጠረጴዛ ይሸጣሉ። ዝናብ ቢመጣ ድልድዩ ራሱ ጣሪያ ነው። ይህን ድልድይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከሠሩት መካከል ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ በምረቃው ንግግር የተመሰገኑት ወንዶቹ ብቻ ሆኑ እንጂ። የጀልባ ነጂዎች አሁንም የሴቶቹ ድልድይ ይሉታል። ከዚህ ጥቂት ደቂቃ ወደ ውስጥ ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1936 በስደት ሲመጡ ከሳውዝሃምፕተን ወደብ በባቡር የገቡት በዚያ ነው፤ የሚቀበላቸውም ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ጣቢያው ውስጥ የሚታይ ነገር የለም። እንዲሁ እወቁት።

ናሽናል ቲያትር ብዙ ሰው የማይወደው ግራጫ ሲሚንቶ ነው። ግድግዳውን በእጃችሁ ዳስሱት። ሲሚንቶው የተፈሰሰው በሻካራ ጣውላ መሃል ስለሆነ የእንጨቱ ጭረትና ቋጠሮ ተቀርጾ ቀርቷል። እኔን ከሕንፃው ጋር ያስታረቀኝ ይሄ ነው።

አሁን ውሃው ዝቅ ሲል ኑ ያልኳችሁ ቦታ ደረስን። ጋብሪየልስ ዋርፍ የሚባለው ፊት ለፊት ወንዙ ሲጎድል አሸዋማ ዳርቻ ይወጣል። አንዳንድ ቀን ከአሸዋ ቅርጽ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። በሙላት ሰዓት የመጣ ሰው እዚህ ዳርቻ መኖሩን ሳያውቅ ያልፋል። ወደ ምሥራቅ በሄዳችሁ ቁጥር ከአሸዋ ይልቅ ጠጠር ይበዛል። ጠጠር ያልኩትን ጎንበስ ብላችሁ ስታዩት ግን ግማሹ ጠጠር አይደለም። የጣራ ሸክላ፣ የኦይስተር ቅርፊት፣ በእንስሳ አጥንት ላይ የቢላ ምልክት፣ ሰማያዊ አበባ ያለው የሳህን ስባሪ ነው። መሃሉ ቀጭን ቀዳዳ ያለው ነጭ ጠመኔ መሳይ ነገር ካያችሁ የትምባሆ ማጨሻ ሸክላ ግንድ ነው። ርካሽ ስለነበር መርከበኛውም ወዛደሩም አጭሶ ይጥለው ነበር። ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት ጭቃ ውስጥ ከርሞ ሙላቱ ሲያገላብጠው ይወጣል።

እዩት እንጂ አታንሱት። ዳርቻውን ለመፈለግም ሆነ የተገኘውን ለመውሰድ ከወደብ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዕቃው መሬት ላይ ተጋድሞ ቢያገኙትም ለውጥ የለውም። ደረጃዎቹ ላይ አረንጓዴ አልጌ አለ፣ ያንሸራትታል። ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ አይሆንም። ውሃው ወደ ሙላት ሲዞር ከጎን ነው የሚመጣው፣ ሳታስቡት መመለሻችሁን ይዘጋዋል። ስለዚህ የወረዳችሁበትን ደረጃ ከዓይናችሁ አታርቁ፣ ጉድለቱ ካበቃ በኋላም አትውረዱ። ከወጣችሁ በኋላ እጅ መታጠብ ግድ ነው። የባዛልጌት ቦዮች ከባድ ዝናብ ሲመጣ ሞልተው ወደ ወንዙ ይተፉ ነበር። 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አዲስ ዋሻ ከወንዙ በታች ተሠርቶ በ2025 ሙሉ በሙሉ ከተገናኘ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። ቢሆንም ወንዝ ወንዝ ነው።

ከዚህ በኋላ ብላክፍራየርስ ላይ ውሃው ውስጥ ምንም ሳይሸከሙ የቆሙ ቀይ ምሰሶዎች ታያላችሁ። በላያቸው የነበረው የባቡር ድልድይ በ1985 ሲነሳ እነሱ ቀሩ።

ቴት ሞደርን የድሮ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው፤ ጭስ ማውጫው 99 ሜትር ነው። መደበኛ መግቢያው ነፃ ነው። ሥዕል ባትወዱም ተርባይን ይቆምበት የነበረውን ትልቅ አዳራሽ ግቡና እዩ። አክስቴ ጉልበቷን ስለሚያማት እዚያ አረፍ ትልና «እናንተ ድልድያችሁን እዩ፣ እኔ እዚህ ሰው አያለሁ» ትላለች። ድልድያችሁ ያለችው ሚሌኒየም ብሪጅን ነው። በ2000 ተከፍቶ በሁለት ቀኑ ተዘጋ። ድልድዩ ትንሽ ሲወዛወዝ ሰው ሁሉ ሳያውቀው እግሩን ከውዝዋዜው ጋር ያስማማል፣ ያ ደግሞ ውዝዋዜውን ያባብሰዋል። ማርገቢያ ተገጥሞለት እንደገና የተከፈተው በ2002 ነው። ሁሉም ሰው ከመሃሉ ላይ የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል ጉልላት ያነሳል። አንሱ። ከዚያ ወደ እግራችሁ እዩ። ተረግጦ የደረቀ ማስቲካ ላይ የተሳሉ ጥቃቅን ሥዕሎች አሉ፣ አንዳንዱ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። አንድ አርቲስት ሆዱ መሬት ላይ ተኝቶ ይስላቸዋል።

ወረድ ስትሉ ነጭ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ክብ ቤት ግሎብ ነው፣ የሼክስፒር ቲያትር። የመጀመሪያው በ1613 ተቃጠለ። በተውኔት መሃል መድፍ ተተኮሰ፣ ፍንጣሪው ሣሩን ያዘው። ሰው አልሞተም፤ የአንዱ ተመልካች ሱሪ በእሳት ተያይዞ በቢራ አጠፉለት። የአሁኑ በ1997 የተከፈተ ሲሆን ከ1666ቱ ታላቅ እሳት ወዲህ በለንደን የሣር ክዳን የተፈቀደለት የመጀመሪያው ሕንፃ ነው። ቆሞ ለሚያይ ትኬቱ ርካሽ ነው። ክብ ሜዳው ላይ ጣሪያ ስለሌለ ከዘነበ ትበሰብሳላችሁ።

ሳውዝዋርክ ብሪጅ ሥር ብዙ ሰው በፍጥነት ያልፋል። ግድግዳው ላይ በጥቁር ድንጋይ የተቀረጸ ገበያ አለ፣ ቆም በሉ። ወንዙ ላይ ይደረግ የነበረ የበረዶ ገበያ ነው። ውሃው በረዶ ሆኖ ሲረጋ ድንኳን ይተከልበታል፣ ሥጋ ይጠበስበታል፣ ማተሚያ መሣሪያ ሳይቀር ይተከልበታል። የመጨረሻው በ1814 ነበር፤ ዝሆን በበረዶው ላይ ተሻገረ ይባላል። ያኔ ብርዱ ከአሁኑ ይበረታ ነበር። ሌላው ምክንያት የድሮው ለንደን ብሪጅ ነው። ጠባብ ጠባብ ቅስቶቹ ውሃውን እንደ ግድብ ያዘገዩት ነበርና ቶሎ ይረጋል። ድልድዩ በ1831 አዲስ ሲተካና አሮጌው ሲፈርስ ሙላቱም ጉድለቱም በነፃነት መግባት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ እዚህ መሃል ከተማ ላይ ገበያ ቆሞ አያውቅም።

ቀጣዩ መንገድ ጠባብና ጨለም ያለ ነው። የድሮው ክሊንክ እስር ቤት ቦታ፣ የዊንቸስተር ጳጳሳት ቤተ መንግሥት ፍራሽ ግድግዳ ከነክብ መስኮቱ፣ ዓለምን የዞረው የእንግሊዛዊው መርከበኛ የድሬክ መርከብ ቅጂ። ሁሉንም ከውጭ አይቶ ማለፍ ይበቃል።

ቦሮ ገበያ ግን ያስቆማል። ሰኞ ዝግ ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ መተላለፊያ የለም፣ ሰው ሰውን ይገፋል። ከምሳ ሰዓት በፊት ወይም በኋላ ግቡ። ጾም ከሆነ «ቪጋን» በሉ፣ ወዲያው ይገባቸዋል፤ ብዙዎቹ በጽሑፍ ለጥፈውታል። ሲበሉ መቀመጫ ፍለጋ አትድከሙ። ምግቡን ይዞ አጠገቡ ወዳለው የሳውዝዋርክ ካቴድራል ግቢ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው።

ለንደን ብሪጅን ሲያዩ ብዙ እንግዶች ይከፋቸዋል። ሁለት ማማ ያለውን ጠብቀው ይመጣሉ፣ ይሄ ግን በ1973 የተከፈተ ተራ ሲሚንቶ ነው። የቀድሞው በ1968 ለአንድ አሜሪካዊ ተሸጦ ድንጋዩ ቁጥር እየተጻፈበት አሪዞና በረሃ ተወስዶ ተተክሏል። ከዚያም በፊት የነበረው በ1209 የተጠናቀቀው ነው፣ ቤትና ሱቅ ተሠርቶበት፣ በሩ ላይ የተሰየፉ ሰዎች ጭንቅላት ተሰክቶበት የኖረው።

ታወር ብሪጅ ስትደርሱ ታሪኩ ተመልሶ ወደ ውሃው ይመጣል። ከተማው ወደ ምሥራቅ ሲሰፋ ድልድይ ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን ትልልቅ መርከቦች ሙላቱን ይዘው እስከ ለንደን ብሪጅ ድረስ እየገቡ ያራግፉ ስለነበር መንገዱን መዝጋት አልተቻለም። ስለዚህ ከመሃሉ የሚከፈት ድልድይ ተሠራና በ1894 ተመረቀ። ዛሬም በዓመት ወደ 800 ጊዜ ገደማ ይከፈታል። ቅድሚያው የመርከብ ነው። በ1997 የፕሬዚዳንት ክሊንተን መኪኖች ሊያልፉ ሲሉ ተከፍቶ አጃቢው ለሁለት ተከፍሏል። የሚከፈትበት ቀንና ሰዓት በድልድዩ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ከቤት ሳትወጡ የውሃውን ሰዓት ስታዩ ይህንንም አብራችሁ እዩ። ከአሥር ደቂቃ ቀድማችሁ በስተ ምዕራብ በኩል ካለው ግንብ ላይ ቁሙ።

እስኪከፈት ለእንግዶቼ የምነግራቸው የ78 ቁጥር አውቶቡስን ነው። በ1952 ታኅሣሥ ውስጥ ሾፌሩ አልበርት ጉንተር ሰው ጭኖ ሲሻገር የነበረበት ክንፍ ከሥሩ መነሳት ጀመረ። ማቆም አልቻለም፤ ነዳጅ ረግጦ ማዶ ወዳለው ገና ወዳልተነሳው ክንፍ ዘለለ። አሥር ፓውንድ ተሸለመ። አክስቴ ይህን ስትሰማ «አሥር ብቻ? መቼም ጉዳዩ የነፍስ ነው» ብላ ቀኑን ሙሉ ስትበሳጭ ዋለች። 78 ቁጥር አሁንም በዚሁ ድልድይ ላይ ያልፋል፤ እግራችሁ ከደከመ ተሳፈሩበት።

ለመመለስ እኔ የምወደው ግን ጀልባውን ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ ከታወር ኦፍ ለንደን አጠገብ ካለው መሳፈሪያ ወደ ዌስትሚኒስተር የሚመለስ አለ። ከኋላ ያለውን ክፍት ቦታ ቀድማችሁ ያዙ፤ ውስጥ ከተቀመጣችሁ መስኮቱ በውሃ ርጭት ደብዝዞ ምንም አታዩም። ትኬት ቤት መሰለፍ አያስፈልግም፣ የባንክ ካርድ ማስነካት ይበቃል። ስትገቡም ስትወጡም አስነኩ። ስትወጡ ከዘነጋችሁ ከሄዳችሁበት ርቀት በላይ ሊቆረጥባችሁ ይችላል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ካርድ መያዝ አለበት፤ አንድ ካርድ ለሁለት ሰው አይሠራም።